ጅቡ አድራሻ ሲኖረው

ባለፈው ክረምት ከወጣቶች ኅብረታችን ሦስት ልጆች ደብተር ይዘው ወደ እኔ መጡ። በደብተሩ ውስጥ ዘጠኝ ገጽ የፊልም ጽሑፍ አለ። ካሜራቸው ስልክ ነው፤ መብራታቸው የእጅ ባትሪ ነው፤ ተዋንያኑ እነሱ ራሳቸውና የአንዱ አጎት ናቸው። ገንዘብ የላቸውም፤ የሚያስፈልጋቸውም አይመስላቸውም። «መምህር፣ አስፈሪ ፊልም ልንሠራ ነው፤ እስቲ ይዩልን» አሉኝ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ከላሊበላ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር ሸክላ የምትሠራ ሴት ትኖራለች። ቀን ጀበናና ምጣድ ትሠራለች። ሌሊት አመድ ላይ ተንከባልላ ጅብ ትሆናለች። የመንደሩ ሕፃናት አንድ በአንድ ይታመማሉ። በመጨረሻ አንድ ወንጌላዊ ይመጣና ይጸልያል፤ ጅቡ እግሩን ይመታል፤ በማግሥቱ ሴትዮዋ እግሯ ቆስሎ ሞታ ትገኛለች። መንደሩ ሃሌ ሉያ ይላል፤ ፊልሙ ያልቃል።

አነበብኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ልጆቹ መጻፍ ይችላሉ። በተለይ ጅቡ ከበሩ ላይ ቆሞ በጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ብልጭ የሚልበት ቦታ ስደርስ ደብተሩን ዘጋሁት። «ይህን ጉትቻ ከየት አመጣችሁት?» ብዬ ብጠይቅ ልጅቷ «አያቴ የነገረችኝ ነው» አለች። ያ ጉትቻ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው የአንድ እንግሊዛዊ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ እንደሚገኝ እሷም አያቷም አያውቁም።

ሌላም ነገር አየሁ። በጽሑፉ ውስጥ ወንጌላዊው ስም አለው። የታመሙት ሕፃናት ስም አላቸው። ውሻው እንኳ «መቻል» ይባላል። ሴትዮዋ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ጠይቧ» ብቻ ናት።

«አስተያየቴን በሳምንቱ እነግራችኋለሁ» አልኳቸው። ሳምንቱ ወር ሆነ፤ አስተያየቱም ረዝሞ ይህን ጽሑፍ አከለ። እናንተም በየአጥቢያችሁ በስልካችሁ ፊልም የምትሠሩ ስለ ሆናችሁ አብራችሁ ስሙት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። አስፈሪ ፊልም መሥራት ኃጢአት ነው ልላችሁ አይደለም። በአገራችን ፊልም ራሱ ጭራቅ ተብሎ ያውቃል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚታይበት ቤት ሲከፈት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነበር። በጨለማ ቤት፣ በግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? ዛሬ ስሙን ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን አሠራሩ ያልገባንን ሥራ የሰይጣን ማለት እንደሚቀናን ያሳያል። ይህን ያዙልኝ፤ አንጥረኛው ዘንድ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ፊልም ብዙ መንገድ ሄዷል። በ1950ዎቹ መጨረሻ «ሂሩት አባቷ ማነው» ተሠራ፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ቪዲዮ ካሜራ ርካሽ ሲሆን በየዓመቱ ብዙ ፊልም መውጣት ጀመረ። አብዛኛው የፍቅር ወይም የሳቅ ነው። አያቶቻችን በምድጃ ዳር ያወሩልንን ፍርሃት ግን ፊልም ሠሪዎቻችን ብዙም አልነኩትም። ስለዚህ የሦስቱ ልጆች ሐሳብ አዲስ ነው፤ ይህንንም አመስግኜ ነገርኳቸው።

በሌላው ዓለም ግን ነገሩ የቆየ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ፒርስ የሚባል አሜሪካዊ ማስታወቂያ ሠሪ በአርካንሳስ ግዛት ፎክ ወደምትባል የገጠር ከተማ ካሜራ ይዞ ሄደ። በዚያ ረግረግ ውስጥ ጠጉራም ፍጥረት አየን የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ፒርስ በ160,000 ዶላር ገደማ፣ የአካባቢውን ሰዎች ራሳቸውን ሆነው እንዲጫወቱ አድርጎ «የቦጊ ክሪክ አፈ ታሪክ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ገቢው ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ነበረ ይገመታል። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዳንኤል ማይሪክና ኤድዋርዶ ሳንቼዝ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በ8 ቀን የቀረጹትን «የብሌር ጠንቋይ» የሚለውን ፊልም አወጡ። መጀመሪያ ያወጡት ወጪ ከ60,000 ዶላር አይበልጥም ይባላል፤ ያስገባው ወደ 248 ሚሊዮን ነው። ጠንቋይዋ ከራሳቸው የፈጠሯት ናት። ሆኖም ታሪኩ የተፈጸመው ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ባለችው ቡርኪትስቪል በምትባል እውነተኛ ትንሽ ከተማ ነው ስላሉ ሰዉ ወደ ከተማዋ ጎረፈ፤ የከተማዋን ስም የያዙ ታፔላዎች ሳይቀሩ ተሰረቁ። በዚያች ከተማ የሚኖሩት ሰዎች ጠንቋይ ኖሯቸው አያውቅም፤ ከፊልሙ በኋላ ግን አላቸው።

ይህ ዓይነት ፊልም በትንሽ ገንዘብ የሚሠራው ጭራቁን ስለማያሳይ ነው። ጭራቅን ማሳየት ብር ይጠይቃል፤ መደበቅ ግን ምንም አይጠይቅም። ጨለማ በነጻ ነው። ድምፅም በነጻ ነው። የጅብ ጩኸት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል፤ ላስታ ውስጥ ሌሊት መስኮት ከፍቶ ስልኩን የዘረጋ ሰው የፊልሙን ግማሽ ቀረጸ ማለት ነው።

ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ካሜራው ጭራቁን ካልሰጠው ተመልካቹ በዚያ ጨለማ ላይ የሚለጥፈው ፊት ይፈልጋል። በፎክ ከተማ ፊቱ የማንም አይደለም። ረግረግ ውስጥ ያለው ፍጥረት ጎረቤት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ ገበያ አይወጣም። የእኛው ጭራቅ ግን አድራሻ አለው። ቤቱ የት እንደ ሆነ ይታወቃል። ሙያው ይታወቃል። ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ላይ በየትኛው ጥግ ዕቃውን እንደሚዘረጋም ይታወቃል።

ከአውሬው ልጀምር። ጅብን መፍራት ሞኝነት አይደለም። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ገደሉና ዋሻው ለጅብ የተመቸ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የከብት በሽታ ገብቶ ከከብቱ አብዛኛውን ጨረሰ፤ በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ረኃብና ወረርሽኝ ተከተለ። በዚያን ጊዜ ያልተቀበረ ሬሳ በየመንገዱ ወድቆ ነበርና አራዊት ሰው ለመዱ፤ የደከመውን በሕይወቱ ሳለ እስከ መድፈር ደረሱ። ወሎ እንዲህ ያለውን ክፉ ጊዜ በ1977ም ዳግም አይታለች። አያቶቻችን ስለ ጅብ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም።

ነገር ግን ጅብ ጅብ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ በትግራይ የተደረገ ጥናት አለ፤ አጥኚዎቹ የጅብን ኩስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ጠጉር መረመሩ። በሁዳዴ ጾም ሰው ሥጋ ስለሚተው የሥጋ ትራፊ ይጠፋል፤ ጅቦቹም በዚያ ወራት ከወትሮው ይልቅ አህያ ይበላሉ። ፋሲካ ሲደርስ ወደ ትራፊው ይመለሳሉ። ምስኪን አህያ! የሁዳዴ ዕዳ የወደቀው በእሷ ላይ ነው። በሐረር ደግሞ ይኸው ጅብ በየምሽቱ ከከተማው በር ላይ ከሰው እጅ ሥጋ ይቀበላል። ጄሲካ በሺር በ2017 እ.ኤ.አ. «ሐይራት» በተባለ አጭር ፊልሟ ያሳየችው ከነዚህ ጅብ አብሊዎች አንዱን ነው፤ ያ ፊልም የሚያስፈራ ሳይሆን የሚያባባ ነው። እንግዲህ አውሬው አንድ ነው፤ የተለያየው በእያንዳንዱ አገር የተወራበት ወሬ ነው።

በእኛ በደጋዎቹ አገር ወሬው ሰው ላይ ወደቀ። ቡዳ ይሉታል። ቡዳ በዓይኑ ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ የሞተውን ከመቃብር አውጥቶ ያሠራዋል ይባላል። ቡዳ ማን ነው ሲባል ደግሞ ጣት የሚቀሰረው ሁልጊዜ ወደ እነዚያው ሰዎች ነው፦ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ አንዳንድ ቦታም ሸማኔው። ከእነሱ ብዙዎቹ ርስት አልነበራቸውም። መሬት ያለው ሰው ያርሳል፤ መሬት የተነፈገው በእሳትና በጭቃ ይኖራል። በጎንደርና በሰሜን ተራሮች የነበሩት ቤተ እስራኤል ለዚህ ዋና ምስክር ናቸው። ማረሻውን የሚሠሩት እነሱ፣ ምጣዱን የሚሠሩት እነሱ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የተባሉትም እነሱ። ሐጋር ሳላሞን የተባለች ምሁር ወደ እስራኤል የሄዱትን ጠይቃ በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ ኑሯቸው ያሳተመችው መጽሐፍ ርእሱ «የጅብ ሰዎች» ነው። ከዚያ ሁሉ ኑሮ ርእስ ለመሆን የበቃው ይህ ስም መሆኑ ያሳዝናል።

ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ በመንዝ የሰማውን በ1974 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ተረቱ እንዲህ ይላል፦ ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ልጆችሽን አሳዪኝ ቢላት ዐሥራ አምስቱን ደበቀች። የታዩት ተባረኩ፤ የተደበቁት ተረገሙ፤ የቡዳ ዘር ከእነሱ መጣ። ዘፍጥረትን ለምታነቡ ለእናንተ ይህ ተረት ከየት እንዳልመጣ መንገር አያስፈልገኝም። እኔን የገረመኝ ግን ተረቱ ሳያውቅ የሚናዘዘው ነገር ነው፦ የተረገሙትም የዚያችው እናት ልጆች ናቸው።

ወደ ጉትቻው ልመለስ። ናትናኤል ፒርስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1805 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ ወደ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ኖረ፤ አብዛኛውን በትግራይ። ማስታወሻው ከሞተ በኋላ በ1831 እ.ኤ.አ. ታተመ። በእሱ ዘንድ ነው በጅብ ጆሮ ላይ የታየው የአንጥረኛ የወርቅ ጉትቻ የሚገኘው። ከእሱም ጋር ሌላ ታሪክ አለ፤ ይህ ስለ ባልንጀራው ስለ ኮፊን ነው።

ኮፊን አንድ ወጣት አገልጋይ ነበረው፤ ቡዳ ነው ይባላል። አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ልጁ እስከ ነገ ጠዋት ፈቃድ ጠየቀ። ተፈቀደለት፤ ሄደ። ወዲያው ሌሎቹ አገልጋዮች «እዩት፣ ጅብ እየሆነ ነው!» ብለው ጮኹ። ኮፊን ዘወር ሲል ልጁ የለም፤ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ትልቅ ጅብ ይሮጣል። ቦታው ሜዳ ነው፤ ዛፍም ቁጥቋጦም የለም። ልጁ በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። ጓደኞቹ ጅብ ሆነህ ነበር ብለው ሲይዙት አልካደም፤ እንዲያውም እውነት እንዲመስላቸው ተዋቸው።

ፊልም ሠሪ የሆነ ሰው እዚህ ላይ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ሮጠው ጅብ ነው። እናንተ ግን በማግሥቱ ጠዋት ላይ እንድትቆሙ እፈልጋለሁ። ልጁ ለምን አልካደም? እስቲ በእሱ ቦታ ቁሙ። ርስት የላችሁም፣ ወገን የላችሁም፣ አብሯችሁ የሚበላ የለም። አንድ ነገር ብቻ አላችሁ፤ ይፈሯችኋል። «አይደለሁም» ብትሉ አያምኗችሁም፤ የሚፈሯችሁም ስለማይኖሩ የሚመታችሁ ይበዛል። ዝም ካላችሁ ቢያንስ ሌሊት በራችሁን የሚነካ አይኖርም። እኔ የዚያን ልጅ ዝምታ የማነበው እንዲህ ነው። ስለ ሰው-ጅብ እስከ ዛሬ ካነበብኩት ሁሉ የሚያስፈራኝም ይህ ዝምታ ነው፤ ጅቡ ከዚያ አይብስም።

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ ላስታ እንግባ። እዚህ የምንኖር ሰዎች ኩራታችን መሮ ነው። ዐሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈልፍለው ወጡ፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ። ድንጋዩ ለስላሳ ነው ቢባልም ድንጋይ ነው፤ መሮ ያደነዝዛል። የደነዘዘ መሮ ወደ እሳት ይመለሳል፤ ወናፍ የሚነፋ፣ በጉጠት የሚይዝ፣ በመዶሻ የሚቀጠቅጥ ሰው ከጎኑ ካልኖረ ሥራው ይቆማል። የንጉሡን ስም እናውቃለን። የቀጥቃጮቹን ስም ማንም አልጻፈውም።

የአገሩ ትውፊት ደግሞ ቀን ሰው ሲሠራ፣ ሌሊት መላእክት እየወረዱ ያንኑ ያህል ይሠሩ ነበር ይላል። ይህን ከልጅነታችን ሰምተነዋል። እኔ በትውፊቱ ላይ አልከራከርም፤ ከእኛ ቤተ እምነት ውጭ ያሉ ጎረቤቶቻችን የሚያከብሩት ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። በአንድ አገር ላይ ሁለት የሌሊት ታሪክ አለን። በአንደኛው፣ ድንጋዩ ሌሊት ሲፈለፈል የሠሩት መላእክት ናቸው። በሁለተኛው፣ መሮውን የሠራው ሰው ሌሊት ጅብ ነው። ሁለቱንም ታሪክ በአንድ ምድጃ ዳር ከአንድ አፍ ሰምቼ አድጌያለሁ፤ እንደሚጋጩ የታየኝ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው።

ነገሥታቱም የተጋጨውን አይተዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውንም ሳይቀር በሙያው የሚሰድብ ሁሉ እንዲተው፣ ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ እንጂ ሌላ ዘር እንደሌለው ተናገሩ፤ የማይተው እንደሚቀጣ አስጠነቀቁ። ከመንዙ የሔዋን ተረት ጋር አስተያዩት፤ መልስ የተሰጠው ለእሱ ይመስላል። ንጉሡ ባቡርና ስልክ እያስገቡ ነበርና ሠራተኛ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ምክንያታቸው ጽድቅ ብቻ ነው አልልም። ያም ሆነ ይህ አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ምድጃ ዳር የሚወራውን ግን የሚከለክል ወታደር የለም።

ለእኛ ለወንጌላውያን ደግሞ ይህ ታሪክ ይበልጥ ይቀርበናል። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ከስዊዘርላንድ ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና የተላኩ ወጣቶች ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ አገር መጡ። ሐሳቡ የሳሙኤል ጎባት ነበር፦ ወንጌል የሚሰብኩ፣ ግን በእጃቸው ሥራ የሚኖሩ ሰዎች። ፍላድ፣ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር እያልን የምንጠራቸው ናቸው። ንጉሡም ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስቀምጠው መንገድ አሠሯቸው፤ በመጨረሻም ሴባስቶፖል የተባለውን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ አስቀለጧቸው። ለስብከት የመጣ ሰው መድፍ ማቅለጡ የራሱ ጥያቄ አለው፤ ሌላ ጊዜ እንጨቃጨቅበታለን። ግን ከእኛ በፊት ወንጌልን ይዘው ወደዚህ ደጋ የወጡት ሰዎች በእጃቸው ወናፍና መዶሻ ነበር። በአገሬው አባባል ጠይብ ነበሩ። ጴጥሮስም በኢዮጴ ያደረው በፋቂው በስምዖን ቤት ነው (ሐዋ. 9፥43)፤ ባስልኤልም በመንፈስ ተሞልቶ የተቀበለው የእጅ ጥበብ ነው (ዘጸ. 31)። ጌታም በናዝሬት በምን ሙያ ይታወቅ እንደ ነበር ታውቃላችሁ (ማር. 6፥3)። በእኛ መንደር ቢወለድ ኖሮ ማን ቤት ይገባ ነበር?

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ይህን ዓይነት ፊልም ስትሠራ ምን ሊመጣ እንደሚችል ከናይጄሪያ ልንገራችሁ። በዚያ በ1992 እ.ኤ.አ. «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» የተባለው በቪዲዮ ካሴት የተሸጠ ፊልም ገበያውን ከከፈተ በኋላ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ የጥንቆላና የመናፍስት ፊልም አገሩን ሞላው። ብዙዎቹን የሠሩት ክርስቲያኖች ናቸው፤ የሚያልቁትም በጸሎትና በድል ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በካላባር የሊበርቲ ጎስፔል ቤተ ክርስቲያን መሥራች የሆኑት ሔለን ኡክፓቢዮ «ኤንድ ኦቭ ዘ ዊክድ» የተባለ ፊልም አዘጋጁ። በፊልሙ ውስጥ ሕፃናት ሌሊት በመንፈስ ወጥተው ከጠንቋዮች ማኅበር ይገናኛሉ፤ በገዛ ቤተሰባቸው ላይ ጥፋት ያመጣሉ።

በቀጣዮቹ ዓመታት በዚያው አካባቢ፣ በአክዋ ኢቦምና በክሮስ ሪቨር ግዛቶች፣ ጠንቋዮች ናቸው ተብለው ከቤት የተባረሩ፣ የተደበደቡ፣ በእሳትና በአሲድ የተቃጠሉ ሕፃናት በረከቱ። የሕፃናት መብት ተሟጋቾች ፊልሙ ለዚህ አስተዋጽኦ አድርጓል ብለው ከሰሱ፤ አዘጋጇ ክሱን አልተቀበሉም፤ ፊልም ፊልም ነው ብለው ተከራከሩ። ፊልሙ ብቻውን አደረገው ማለት አይቻልም፤ ድህነት አለ፣ በሽታ አለ፣ ወላጅ መሞት አለ፣ እምነቱም ከፊልሙ በፊት ነበረ። ነገር ግን በ2008 እ.ኤ.አ. የአክዋ ኢቦም ግዛት ሕፃንን ጠንቋይ ብሎ መክሰስን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነበት። መንግሥት ያን ሕግ የጻፈው እንደ እናንተ ያሉ የወጣት ኅብረቶች ሞልተው በተረፉበት፣ በየመንገዱ ጸሎት ቤት ባለበት አገር ነው።

የናይጄሪያው ጭራቅም አድራሻ ነበረው። አድራሻው የቤቱ ትንሽ ልጅ ነበር።

ሩቅ አገር ነው ትሉኝ ይሆናል። እንግዲያው ቅርቡን ልናገር፤ ቦታውን አልጠቅስም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የአዳር ጸሎት ላይ ነበርኩ። አንዲት ልጅ ወደቀች፤ ጮኸች። የሚጸልየው ወንድም «ማን ነህ? ማን ላከህ?» እያለ ጠየቀ። ከልጅቷ አፍ የአንዲት ሴት ስም ወጣ። ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ በቤታችን ውስጥ ያለውን ጀበና የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሕዝቡ «በኢየሱስ ስም!» አለ። እኔም አልኩ። ሳይነጋ ወሬው ውኃ መቅጃው ደረሰ። በቀጣዩ ቅዳሜ ሴትዮዋ ዕቃቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ዋሉ፤ የገዛቸው አልነበረም። በአጠገባቸው ሳልፍ ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም ሰዓት የረፈደብኝ መስዬ አለፍኩ።

በአባቶቻችን ልማድ ቡዳ በላው የተባለ ሰው ሲለፈልፍ ያጨሱለትና «ማን በላህ?» ብለው ይጠይቁታል፤ የጠራው ስም ተይዞ ይኬዳል። እኛ ጭሱን ተውን፤ ክታቡን ተውን፤ ጤና አዳሙን ተውን። ጥያቄውን ግን ይዘን መጣን። ያ መንፈስ ርኩስ ነው ብለን እየገሠጽነው፣ ስለ ጎረቤታችን የሚናገረውን ግን እንደ እውነተኛ ምስክር ተቀበልነው። ዮሐንስ 8፥44 ላይ ጌታ ስለዚህ ምስክር ባሕርይ የተናገረውን በቃላችን የምናውቅ ሰዎች ነን። ዘዳግም 19፥15 ስንት ምስክር እንደሚጠይቅም እናውቃለን። አጋንንት የለም ልላችሁ አይደለም፤ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ስለማምንም ነው ቃሉን የማልቀበለው። ይህን ሁሉ በዚያች ሌሊት ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ልጆቹን በወሩ መጨረሻ ጠራኋቸው። ከላይ የጻፍኩትን አብዛኛውን ነገርኳቸው። ታላቁ ልጅ ተቆጣ። «ታዲያ ጅቡ ይውጣ? ያለ ጅብ ምን ፊልም አለ?» አለ። ጅቡ አይውጣ አልኩት። ጅቡ ሌሊት ይጩኽ፣ በሩን ይቧጭር፣ ሰውም ይፍራ። የፈራ ሰው ሲነጋ ማን ቤት ሄዶ ድንጋይ እንደሚወረውር ደግሞ ካሜራው ይከተለው። የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ»ን በስልኬ አሳየኋቸው። በዚያ ፊልም በጥንቱ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ከሳሽ ከከሰሰው ሰው ጋር አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ አብሮ ወንዝ መሻገር ሲኖርበት የሚሆነውን እዩ አልኳቸው። በጽሑፋችሁ ውስጥ ያለው ወንጌላዊ ከጠይቧ ጋር አንድ ሌሊት በአንድ ሰንሰለት ቢታሰርስ? መልስ አልሰጡኝም፤ ደብተራቸውን ይዘው ሄዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ብቻዋን መጣች። አያቷን ጠይቃ ነበር። ጅብ ትሆናለች ያልሽኝ ሴት ስሟ ማን ነበር? አያቷ ብዙ ዝም ብለው፣ ሙቀጫውን ወደ ጎን አድርገው፣ ስሟን ነገሯት። ስሟን ብቻም አይደለም። በ1977 ከመንደሩ ስንት ሰው እንደ ወጣና ስንት እንደ ተመለሰ፣ ያቺ ሴት በተመለሰች ጊዜ ቤቷ ፈርሶ እንዳገኘችው፣ ማን እንዳፈረሰው። አፍራሾቹ ውስጥ የአያቷ ታላቅ ወንድም ነበር።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የልጅ ልጆቿ ዛሬም ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ። በደብተሩ ላይ ግን «ጠይቧ» የሚለው ቃል በየገጹ ተሰርዞ በምትኩ አንድ የሴት ስም ተጽፏል፤ ትክክለኛው ስም አይደለም፤ ልጅቷ የመረጠችው ነው። ገጹም ከዘጠኝ ወደ ሃያ አንድ አድጓል። ወንጌላዊው አሁን በመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ጀበና ሊገዛ ሲከራከር ይታያል። ስለ ጉትቻው ግን ሦስቱ ገና አልተስማሙም። ታላቁ ልጅ በጅቡ ጆሮ ላይ ይቆይ ይላል፤ ልጅቷ ደግሞ በሴትዮዋ ጆሮ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ገበያ ውስጥ ይታይ ትላለች።